ዕቅዴን የፈጸመልኝ ሕመም

ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል፣ ሐሙስ ዕለት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጀመረ። ቢያንስ እኔ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

የምሠራው ሀርጌሳ ውስጥ፣ ከበርበራ ወደብ ጭነት በሚያጓጉዝ ድርጅት ሒሳብ ክፍል ነው። ወር ባለቀ ቁጥር ሐሙስ ከሰዓት ስብሰባ አለ። ሪፖርቱን የማዘጋጀው እኔ ነኝ፤ የምታነበው ግን አጠገቤ የምትቀመጠው ሆዳን ነበረች። ሆዳን የሀርጌሳ ልጅ ናት፤ ስታወራ ድምፅዋ ከታችኛው ፎቅ ይሰማል። በዚያ ሐሙስ ግን ራሴ ላነብ ወስኜ ነበር።

ተራዬ ደርሶ ስነሳ፣ ጉሮሮዬን ላርጥብ ብዬ ሻዬን አነሳሁ። ስኒው ከማስቀመጫው ጋር ይንቀጫቀጭ ጀመር። በሁለት እጄ ያዝኩት፤ ባሰበት። ልቤ ዳገት ሮጦ እንደወጣ ሰው ይመታል። ከውጭ የታኅሣሥ ነፋስ አቧራ ይነዳል፤ ወንዶቹ ሁሉ ጃኬት ደርበው ተቀምጠዋል። የእኔ ጀርባ ግን በላብ ርሷል።

«ሀያት፣ አንበሳ መጣብሽ እንዴ?» አለ ሥራ አስኪያጁ። ሁሉም ሳቁ። በክፋት አልነበረም።

«ወላሂ ተዋት! እኔ አነባለሁ» ብላ ሆዳን ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች። እኔም ተቀመጥኩ።

ዓይናፋር ሰው ልቡ ቢመታ፣ እጁ ቢንቀጠቀጥ፣ ቢያልበው ማንም አይደነግጥም። እኔም አፈርኩ እንጂ አልደነገጥኩም። ይህን የምጽፈው ለሁለት ዓይነት ሰዎች ነው፦ ሐኪም ፊት ሲቀመጡ ቃል ለሚጠፋቸው፣ እና የአዲስ ዓመት ዕቅዳቸው ያለ ልፋት ሲሳካላቸው ለምን ብለው ለማይጠይቁ። እኔ ሁለቱንም ነበርኩ።

ዕቅዱ ከየት እንደመጣ መናገር አለብኝ። 26 ጁን በሚባለው ሰፈር፣ ከኢትዮጵያ የመጣን ሴቶች ክፍል ክፍል የተከራየንበት ግቢ አለ። እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ያለ ሥራ ብዙ ከቆየሁ በኋላ፣ በበርበራ መንገድ ከባድ መኪና የሚነዳው ታላቅ ወንድሜ ሙክታር ይህን ሥራ አገናኘኝ። አብራኝ የምትኖረው ሰናይት ከኮምቦልቻ ነው የመጣችው፤ ልብስ ሰፊ ናት። እሷ ማዕተቧን ከልብሷ ሥር ታስራለች፣ እኔ መስገጃዬን በመስኮቱ በኩል እዘረጋለሁ። መብራት መቼ ይጥፋ በሚለው ካልሆነ በቀር ተጣልተን አናውቅም።

መስከረም አንድ እዚህ እንደማንኛውም ቀን ሥራ ይገባል። ስለዚህ ዋዜማውን አመሻሽ ላይ ግቢው ውስጥ እንሰበሰብና፣ እያንዳንዷ የዓመቱን ዕቅዷን ጮክ ብላ ትናገራለች። ይህ ብቻ አይበቃም፤ ዋስም ትጠራለች። ደንቡን ያወጣችው ሰናይት ናት።

«ያለ ዋስ ሥራ አይቀጥሩሽ፣ ያለ ዋስ ከእስር አይፈቱሽ። ዕቅድ ብቻ ለምን ያለ ዋስ ይታመናል?»

ባለ ዕቅዷ ቃሏን ካልፈጸመች፣ በሚቀጥለው ዋዜማ የግቢውን ሴት ሁሉ የምታበላው ዋሷ ናት። በዚህ የተነሳ ዋሶች ምሕረት አያውቁም።

በዚያ ዓመት ዋዜማ ተራዬ ሲደርስ ሦስት ነገር አልኩ። ክብደት ልቀንስ። ለሱብሒ ሶላት ያለ ቀስቃሽ ተነስቼ፣ እስኪነጋ ለሒሳብ ሙያ ፈተና ላጥና። ሦስተኛው፣ ሰው ፊት ልናገር።

«ሦስተኛውን ድገሚው፤ አልተሰማም» አለች አንዷ። ግቢው በሳቅ ተናጋ።

ሰናይት እጇን አወጣች። «እኔ ዋሷ ነኝ። ይቺን ልጅ እንደ ክር ነው የማቀጥናት!»

እንዳለችውም ሆነ። ሻዬን ያለ ስኳር ማድረግ፣ ቢሮ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። ጥቅምት ላይ ቀሚሶቼ ሰፉ። ሰናይት አጠበበቻቸው። ኅዳር ላይ እንደገና ሰፉ። እንደገና አጠበበች፤ በየጊዜውም ጎረቤት ጠርታ ታሳያለች። «ይኸው! ዋስ ማለት እንዲህ ነው!» ለሱብሒም አዛን ሳይወጣ ዓይኔ ቦግ ይላል። ተነስቼ እሰግዳለሁ፣ ክፍሉን እጠርጋለሁ፣ ግቢውን እጠርጋለሁ፣ የሰውን ሳህን ሳይቀር አጥባለሁ። በብርዱ ወራት፣ ሌሎቹ ውኃ ሲያሞቁ፣ እኔ ከበርሜሉ በቀጥታ ቀድቼ እታጠባለሁ። ለጥናት ስቀመጥ ብቻ አንዲት ገጽ ሳልጨርስ ተነስቼ የሚጠረግ ነገር እፈልጋለሁ።

ሰው ሁሉ አመሰገነኝ። «ዓይንሽ እንዴት ጎላ! ምን ዓይነት ኩል ነው?» ይሉኛል። «አንገትሽ ወጣ፣ አማረብሽ» ትለኛለች ሰናይት። የምበላውን እያየች ደግሞ ትቀልዳለች፦ «ለሁለት ትበያለሽ፣ ለሦስት ትከሺያለሽ! እንጀራውን የት ነው የምትደብቂው?»

በዕድሜዬ እንዲህ የተወደስኩበት ጊዜ አልነበረም። ደስ ብሎኝ ነበር። ቃል ገብቼ ቃሌን የጠበቅኩ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ሐሙስ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ስብሰባው ካለቀም በኋላ ልቤ አልቆመም። ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ማንንም ሳልፈራ፣ ሽንኩርት ስከትፍ ይሮጣል። ስሰግድ በግንባሬ ከተደፋሁበት ሱጁድ ልነሳ ስል ጭኔ እምቢ ማለት ጀመረ፤ መሬት ተደግፌ ነው የምነሳው። ሆዴም በቀን ብዙ ጊዜ ያስሮጠኛል። ሌሊቱ ግን ከሁሉ የከፋ ነበር። በጎኔ ስተኛ ልቤ ትራሱን ሲመታው እሰማለሁ። በሁለት ምት መካከል ትንሽ ከዘገየ፣ በቃ አለቀ እላለሁ። ሰናይትን ላለመቀስቀስ አልገላበጥም፤ ለካ እሷም ነቅታለች። ከአልጋዋ እጇን ዘርግታ አንጓዬን ይዛ ትቆያለች። እንዲህ ስታደርግ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

ሙክታር ከጉዞ ሲመለስ ሐኪም ቤት ወሰደኝ። መጀመሪያ የሰፈራችን ክሊኒክ ገባን። ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነው፤ ከአክብሮት የተነሳ ዓይኑን ከወረቀቱ ላይ አላነሳም። እኔን ሲጠይቀኝ እኔ ወደ መሬት አየሁ።

«እህቴ ዓይናፋር ናት። እኔን ጠይቀኝ» አለ ሙክታር፤ ሁሉንም እሱ መለሰ። ደሜ ተመረመረ፤ ታይፎይድ ነው ተባለ። መርፌውን ብጨርስም ምንም አልተለወጠም። ሁለተኛው ቦታ ጨጓራ ነው ብለው ነጭ ሽሮፕ ሰጡኝ። ሦስተኛው ከፍ ያለ ሐኪም ቤት ነው። የልብ ምቴን በወረቀት ላይ አወጡት፤ ይፈጥናል፣ ግን ጤነኛ ነው አሉ። ከዚያም ጭንቀት ነው ብለው የእንቅልፍ ኪኒን አዘዙ። ያጠራቀምኩት የፈተና መመዝገቢያ ገንዘብ በዚህ ሁሉ አለቀ።

በሦስቱም ቦታ ስለ ክብደቴ ጠይቀዋል። በሦስቱም ሙክታር እየኮራ መልሷል፦ «እሱስ በሽታ አይደለም። ለአዲስ ዓመት ቃል ገብታ ነው የቀነሰችው።»

«ማሻአላህ» አሉ ሐኪሞቹ፤ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፉ። እኔም አንገቴን ነቀነቅኩ። አንገቴ በሻሼ እንደተጠቀለለ ነበር። እዚህ ሴት ከቤት ስትወጣ ፀጉሯንም አንገቷንም ትሸፍናለች፤ ወንድ ሐኪም አውልቂው አይልም፣ እኔም በራሴ አላወልቅም። ማናችንም አላጠፋንም፤ ግን ሕመሙ የነበረው እዚያው ጨርቅ ሥር ነበር።

ከዚያ ትልቅ ሐኪም ቤት የማስታውሰው ደግ ነገር አንድ ነው። መጠበቂያው ክፍል ጢም ብሎ ሞልቷል። ከከተማው ዳር፣ ከአያሃ ሰፈር የመጡ አንዲት አሮጊት መስኮት ሥር ተቀምጠዋል። ላቤን ሲያዩ ተነሱና «አባዮ፣ እህቴ፣ ነይ፤ አየር እዚህ ነው» አሉኝ። እምቢ ብል ትከሻዬን ይዘው አስቀመጡኝ፤ በካርቶን ቁራጭም እስክጠራ ድረስ አራገቡልኝ። ምን ሆነሽ ብለው እንኳን አልጠየቁኝም።

እናቴ በስልክ ሰምታ የራሷን ፍርድ ሰጠች። «የሰው ዓይን ነው። ሁሉም አማረብሽ ሲልሽ ማሻአላህ ሳይል የቀረ አለ።» እሷ ካዘነች ሙክታር አይችልም። ወደ በርበራ ሊወጣ ሲል ግቢው በር ላይ አቁሞኝ ነገረኝ።

«ስመለስ ዕቃሽን ሸክፈሽ ጠብቂኝ። በቶጎ ጫሌ ድንበር አድርጌ ድሬዳዋ ቤታችን አደርስሻለሁ።»

«ሥራዬስ?»

«ጤና ሲኖር አይደል ሥራ?»

ይህን ብሎ ወደ መኪናው ሄደ። ግን ከሄድኩ ተመልሼ እንደማልመጣ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ድሬዳዋ ሥራ ስፈልግ የቆየሁባቸውን ወራት አልረሳሁም። እዚህ ከሰናይት ጋር የተከራየሁት ክፍል፣ በስሜ የምፈርምበት ጠረጴዛ፣ ማንንም ሳልጠይቅ የምገዛው ጫማ አለኝ። ሕመሜ ምን እንደሆነ እንኳን ሳላውቅ ከዚህ ሁሉ ልነቀል ነው።

በማግሥቱ ቢሮ ዓይኔ ቀልቶ ስገባ ሆዳን አስገድዳ አናገረችኝ። ስትሰማ ተቆጣች።

«ሴት ሐኪም አለች፤ ኢትዮጵያ የተማረች። ለምን እሷ ጋ አትሄጂም? ብቻሽን ሂጂ ደግሞ። ወንድምሽ ደግ ነው፤ ግን የሚመታው ልብ የእሱ አይደለም።»

ብቻዬን ግን አልሄድኩም፤ ሰናይት መቼ ትለቀኛለች። ጠዋቱን ሙሉ ተራ ጠብቀን ስሜ ሲጠራ፣ ቀድማኝ ተነሳች።

«ገብቼ ልንገርልሽ።»

«አይ፣ እዚህ ጠብቂኝ።»

«አፍ አለሽ?»

«እንግዲህ እናያለን።»

ዶክተር ኢፍራህ ወደ አርባ የምትጠጋ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የምትሰቅል ሴት ናት። ሶማሊኛዬን ሰምታ ሳቀችና ወደ አማርኛ ዞረች። «አማርኛዬ ዝጎ ይሆናል፤ ጅማ ነው የተማርኩት። እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ። የበሽታ ስም ግን እንዳትነግሪኝ፤ የሚሰማሽን ብቻ።»

ዝም አልኩ። ዝም ስል ሌሎቹ ሐኪሞች ወደ ሙክታር ይዞሩ ነበር። እሷ የምትዞርበት ሰው ስላልነበረ ጠበቀችኝ። ጠረጴዛው ላይ ክንዶቿን አጣጥፋ፣ ከውጭ ተራ ጠባቂ እንደሌለ ሁሉ ጠበቀችኝ። ከዚያ ልቤን ነገርኳት። ጭኔን፣ ላቡን፣ ሆዴን፣ ሾፌሩ ወንድሜ ያዞረኝን ሐኪም ቤት ሁሉ ነገርኳት።

«ክብደትሽስ?»

«እሱ ዕቅዴ ነው» አልኩ ከልማድ።

«ጎበዝ! እኔ በየዓመቱ አቅጄ አልሆነልኝም። እስቲ ምስጢሩን ንገሪኝ። ዛሬ ቁርስ ምን በላሽ?»

«ላሖህ በማር» አልኩ፤ እዚህ ቁርስ ላይ የሚበላው ስስ እንጀራ ነው። «ከዚያ የሰናይትን ፍርፍር። ቢሮ ስደርስ ሳምቡሳ እበላለሁ። ምሳ ሩዝ በሥጋ፣ ሙሉ ሳህን። ከምሳ በኋላ ደግሞ…» አቆምኩ። የራሴን ድምፅ መስማት ጀምሬ ነበር። «ግን በእግሬ እሄዳለሁ።»

«ሩቅ ነው?»

«ሩቅስ አይደለም። ጭኔ ከደከመ ወዲህ ደግሞ በታክሲ ነው።»

«እና ከዚያ ወዲህ ክብደቱ ቆመ?»

አልቆመም። ይልቁንም ብሶበታል። ይህን ለራሴ እንኳን ብዬው አላውቅም። ወራት ሙሉ ሰው ሲያጨበጭብልኝ፣ ለምን ብሎ የጠየቀ ማንም አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

«ዶክተር፣ እኔ ምንም አላደረግኩም» አልኳት። «ክብደቱ ራሱ ነው የሄደው። እንቅልፌም ራሱ ነው የሄደው።»

ተነስታ በሩን ቆለፈች፤ መጋረጃውን ሳበች። «ሻሽሽን አውልቂው።»

አወለቅኩ። ውኃ ሰጥታ፣ ስውጥ አንገቴን ከፊትም ከጎንም አየች፤ ከኋላዬ ቆማም በጣቶቿ ዳሰሰችኝ። ከዚያ እጆቼን አስዘርግታ አንድ ነጭ ወረቀት ጣቶቼ ላይ አስቀመጠች። ወረቀቱ እንደ ቅጠል ተርገበገበ።

«አንገትሽን በመስታወት አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«ከስቼ ነው የወጣው ብለውኝ…»

«እንቅርት ነው።»

ሳቄ መጣ። እንቅርት ለእኔ አንገት ላይ እንደ ቅል የሚንጠለጠል፣ የደጋ አገር አሮጊቶች ነገር ነበር። «እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ እኮ!» አልኳት።

«እንቅርት መታወቂያ አይጠይቅም» አለችኝ። ከዚያ ተቀምጣ በቀስታ አስረዳችኝ። አንገታችን ላይ ታይሮይድ የሚባል ዕጢ አለ፤ ሰውነት በምን ፍጥነት እንደሚሠራ የሚወስነው እሱ ነው። «ወንድሜ ሾፌር ነው አላልሽም? አንቺ ነዳጅ መስጫው ተረግጦ የቀረ መኪና ነሽ። ቆመሽም ሞተርሽ ይጮኻል። የበላሽውን ሁሉ ያነድደዋል። ልብሽ እስካሁን ደህና ነው፤ ግን እንዲህ እየሮጠ ብዙ አይቆይም። ደም እንመርምርና እናረጋግጥ። መድኃኒት አለው።»

መድኃኒት አለው ስትል አለቀስኩ። መሐረብ ከመሳቢያዋ አውጥታ ሰጠችኝና፣ አልቅሼ እስክጨርስ ሌላ ወረቀት ስትጽፍ ቆየች።

ሻሼን አስሬ ስወጣ ሰናይት በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ምን አለችሽ?»

«እንቅርት።»

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዳትይኝ!» ብላ ከሳቀች በኋላ ዓይኗ አንገቴ ላይ ቀረ። ፊቷ ተለወጠ። መንገድ ላይ ድንገት ቆመች። «እኔ ነኝ እኮ አንገትሽ አማረ ያልኩት። ጤናሽ ሲያልቅ ቀሚስ ሳጠብ ነው የከረምኩት።»

«ዋስ አይደለሽ? ዕቅዱ ተፈጽሟል፤ ማንንም አታበይም» አልኳት። በሳቅና በለቅሶ መካከል መንገዱን ዘግተን ቆምን፤ ፍየሎች ዞረውን አለፉ።

የደሙ ውጤት ያለችውን አረጋገጠ። ሁለት ዓይነት ኪኒን ታዘዘልኝ፦ አንዱ ዕጢውን የሚያቀዘቅዝ፣ አንዱ ልቤን የሚያረጋጋ። እዚህ ላይ ይህን መድኃኒት ለሚወስድ ሁሉ ዶክተር ኢፍራህ ደጋግማ የነገረችኝን ልናገር፦ ትኩሳት ከጉሮሮ ሕመም ጋር ከመጣ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ፤ መድኃኒቱ አልፎ አልፎ ደምን ስለሚጎዳ፣ በዚያው ቀን ሐኪማችሁ ጋ ሂዱ።

ብዙም ሳይቆይ የሙክታር መኪና ጥሩንባ ከሰፈሩ መግቢያ ተሰማ። አቧራ ለብሶ ግቢ ገባ።

«ሻንጣሽስ?»

«የለም።»

«እንዴት የለም?»

ልቤ ይመታ ነበር፤ የትኛው ከፍርሃት፣ የትኛው ከዕጢው እንደሆነ አላውቅም። ግን ተናገርኩ። ነዳጅ መስጫው ተረግጦ ስለቀረው መኪና ነገርኩት። ሐኪሞች በወራት ያልነገሩት ነገር በአንዴ ገባው።

«ፍሬኑስ?» አለ።

«ኪኒኑ ነው ፍሬኑ።»

«እና እዚህ ማን ያይሻል? እኔ መንገድ ላይ ነኝ። ዋስ አለሽ?»

«እኔ አለሁ!» አለች ሰናይት፣ ከነመቀሷ ከክፍላችን ብቅ ብላ።

«አንቺማ! ያለፈውን ዋስትናሽንም አይተነዋል።»

«ያለፈውን ፈጽሜያለሁ፤ ክር አድርጌያታለሁ። አሁን ደግሞ አወፍራታለሁ።»

ሙክታር ፊቱን ዞር አድርጎ ሳቀ። ከዚያ ወደ እኔ ቀረብ ብሎ «እስቲ አሳዪኝ» አለ። ሻሼን አላላሁ። ብዙ አየ። ወደ መኪናው ተመልሶ ከበርበራ በበረዶ የያዘውን ዓሣ አውርዶ ለሰናይት ሰጣት። «እስከ መስከረም ድረስ» አለኝ። «እስከዚያ ካልተሻለሽ ራሴ ሸክፌ ነው የምወስድሽ።»

መዳን ግን እንደማስበው አልነበረም። ልቤ በፍጥነት ረጋ፤ እጄ ቆመ። ከዚያ ክብደቴ ይመለስ ጀመር። ዓይንሽ ጎላ ሲሉኝ የነበሩት «ምነው ተውሽው? እንዴት አምሮብሽ ነበር!» አሉኝ። ያለ ቀስቃሽ መነሳቱም ጠፋ። አንድ ጠዋት ፀሐይ ፊቴ ላይ ወጥታ ስነቃ፣ ሱብሒ አምልጦኝ ስሰግድ፣ ያቺ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሁሉ ያመሰገናት ልጅ ናፈቀችኝ። የናፈቀኝ ሕመሜ እንደሆነ ገባኝ፤ አፈርኩ፤ አለቀስኩም።

ሰናይት ቀሚሶቼን ሁሉ አውጥታ ስፌታቸውን መፍታት ጀመረች። ገልብጣ ስታሳየኝ ከውስጥ ሰፊ ትርፍ አለ።

«ሳጠብ ጨርቁን አልቆረጥኩትም» አለችኝ። «ሰው ይመለሳል ብዬ።»

ከዚያ ቀን በኋላ መልመድ ጀመርኩ። አሁን በስልክ ማንቂያ ነው የምነሳው፤ አንዳንድ ቀን ያመልጠኛል። ስቀመጥ ግን ያነበብኩት ገጽ አእምሮዬ ውስጥ ይቀራል። የጭኔ ጥንካሬ ሲመለስ ቢሮ በእግሬ መሄድ እንደገና ጀመርኩ። የቀነሰው ክብደት ትንሽ ነው፤ ግን የቀነስኩት እኔ ነኝ።

ከአዲስ ዓመት ዋዜማ በፊት ያደረግኩት የደም ምርመራ ውጤት በዋዜማው ቀን ደረሰ። ዶክተር ኢፍራህ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ አነበበችው። «ዕጢሽ ወደ ልኩ ተመልሷል። ኪኒኑን ግን በቃ እስክልሽ አታቋርጪም፤ ሲሻላቸው የሚያቋርጡት ናቸው ብሰው የሚመለሱት።» ከዚያው ለሙክታር ደወልኩ። መንገድ ላይ ነበር፤ ከሞተሩ ድምፅ በላይ አልሐምዱሊላህ ሲል ሰማሁት።

«እንግዲህ አትሄጂም» አለ። «እናታችንን ግን አንቺው ንገሪያት። እኔ አልችላትም።»

ያን አመሻሽ ግቢ ውስጥ ተሰበሰብን። ተራዬ ሲደርስ አንድ ነገር ብቻ አልኩ፦ ሐኪሜ በቃ እስክትል ድረስ ኪኒኔን አንድ ቀን ሳላቋርጥ ልውሰድ።

«ይሄ ዕቅድ ነው? ኪኒን መዋጥ!» አለች ጎረቤታችን።

«ዕቅድ ነው» አልኩ። ሁሉም ሰሙኝ፤ ደግሚው ያለኝ አልነበረም።

ሰናይት እንደገና ዋስ ሆነች፤ አዲስ ደንብም አወጣች። ከእንግዲህ ዋስ «ተሳካልሽ ወይ?» ብሎ ብቻ አይተውም፤ «እንዴት ተሳካልሽ?» ብሎም ይጠይቃል። እናንተም ግቢያችሁ ውስጥ፣ ቤታችሁ ውስጥ፣ ሳይለፋ ያማረበት ሰው ካያችሁ፣ ከማጨብጨባችሁ በፊት ይህችን ጠይቁ።

በማግሥቱ ጠዋት፣ መስከረም አንድ፣ ሰናይት የስፌት መኪናዋን ስትከፍት እኔ ለእናቴ ደወልኩ። ስልኩን ገና ሳታነሳው መናገር የጀመረች ይመስል ነበር።

«እንኳን አደረሰሽ! ሙክታር መቼ ነው የሚያመጣሽ? ክፍልሽን ነጭ ቀለም አስቀብቼዋለሁ፤ መጋረጃም ቀይሬያለሁ።»

«እማዬ፣ ድኛለሁ። አልመጣም። እዚሁ እቆያለሁ» አልኩ። ቃሉ እንደምንም ሳይሆን ቀጥ ብሎ ወጣ። «ክፍሉን አከራዪው።»

ከወዲያ የድሬዳዋው ግቢያችን ዶሮዎች ብቻ ይሰሙኛል። ልታለቅስ ነው ብዬ ስልኩን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

«ኪኒንሽን ዋጥሽ?» አለች በመጨረሻ።

«አሁን ልውጥ ነው።»

«ዋጪ፤ ልስማ።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ኪኒኑን ምላሴ ላይ አደረግኩ፤ ብርጭቆውን አነሳሁ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ዋጥኩ።

«ውኃውን ጨርሺው» አለች እናቴ። ጨረስኩት፤ ከዚያ ሻሼን አስሬ ወደ ሥራ ሄድኩ።